ጉባኤ ቃና ያልቆጠረ ሞተር

(ደብረ ማርቆስ ላይ ለመካኒኮችና ለመኪና ወዳጅ ወጣቶች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ሥራችሁን አቋርጣችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ይህን ፒስተን እጅ በእጅ አስተላልፉትና እዩት። በላይኛውና በሁለተኛው ፋሻ (ፒስተኑን በሚከቡት የብረት ቀለበቶች) መካከል ያለችው ቀጭን ግድግዳ ተገምሳለች፤ ጣታችሁን ብታሳልፉባት ትታወቃችኋለች። የተገመሰችው ዓባይ በረሃ ውስጥ፣ በእኔ መኪና ላይ፣ እኔው እየነዳሁ ነው።

መኪናው ኮሮላ ነበር። ሞተሩ አብዛኞቻችሁ ስትፈቱትና ስትገጥሙት የኖራችሁት 4ኤ-ኤፍኢ፣ 1.6 ሊትር ነው። ተርቦውን፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚነፋውን ዕቃ፣ የገጠምኩለት እዚሁ ማርቆስ ነበር። ግፊቱን 0.5 ባር ላይ ወሰንኩት (አንድ ባር በባሕር ወለል ያለው የአየር ግፊት ያህል ነው)፤ የነዳጁን ግፊት በማስተካከያ ከፍ አደረግሁ፤ ቤንዚን የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ግን ፋብሪካው እንደሰጠኝ ተውኳቸው። ሁለት ወር ነዳሁት። ወደ ደምበጫ ብል፣ ወደ አማኑኤል ብል አንድም ቀን አላስቸገረኝም። ከዚያ አንድ ቀን ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀመርኩ። ደጀንን አልፌ ቁልቁል ወረድኩ፤ ድልድዩን ተሻግሬ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በሦስተኛ ማርሽ ወደ ጎሐ ጽዮን መውጣት ጀመርኩ። ብዙም ሳልሄድ ከኮፈኑ ሥር ጠጠር ቆርቆሮ ላይ ሲበተን የሚመስል ድምፅ መጣ። ያኔ እግሬን ከነዳጁ ላይ ማንሣት ነበረብኝ። አላነሣሁም። ሰማያዊ ጭስ በመስታወት ሳይ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር፣ እግዚአብሔር ይስጠው፣ በገመድ ጎትቶ ዳገቱን አወጣኝ።

ለረጅም ጊዜ ጥፋቱ የተርቦው ይመስለኝ ነበር። የሸጠልኝን ሰው ስወቅስ ከረምኩ። ሞተሩን አውርጄ፣ ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ አስፍሬ ሳሰላ ግን ጥፋቱ ከቅደም ተከተሉ ላይ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ የምነግራችሁም ስለዚሁ፣ መኪና ሲሻሻል የትኛው ዕቃ ከየትኛው ቀድሞ እንደሚገባ፣ ስለ ቅደም ተከተሉ ነው።

መጀመሪያ አየሩን እንየው። ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች 80 በመቶ ያህል ታገኛለች። የዓባይ ድልድይ ደግሞ ከአንድ ሺህ ሜትር ብዙም ስለማያልፍ ግፊቱ ወደ 88 በመቶ ይደርሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ይህንኑ ነው። መጽሐፉ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈለት ሞተር እዚህ አዳራሽ በር ላይ 75 ቢሰጥ ነው። ሌባ አልሰረቀውም፤ መካኒክም አላበላሸውም። አገሩ ከፍ ያለ ነው።

አሁን ወደ እኔ ፒስተን እንመለስ። የተርቦ ግፊት መለኪያ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ የተጨመረውን ብቻ ነው። ማርቆስ ላይ 0.75 እና 0.5 ሲደመር 1.25 ይሆናል። ያው መለኪያ፣ ያው 0.5 ባር፣ ዓባይ ሥር ሲደርስ 0.88 ተጨምሮበት 1.38 ሆነ። መለኪያው ንቅንቅ ሳይል ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር በአሥር በመቶ ጨመረ። አሥር በመቶ የጨመረ አየር አሥር በመቶ ተጨማሪ ቤንዚን ይጠይቃል። ኢንጀክተሮቼ ግን ማርቆስ ላይ ሳሉ ያላቸውን ሁሉ ሰጥተው ጨርሰዋል። ነዳጁ ሳሳ፣ የበረሃው ሙቀት ታከለበት፣ ቤንዚኑ ከካንዴላው ብልጭታ የተነሣው እሳት ሳይደርስበት በየጥጉ መፈንዳት ጀመረ። ኖክ የምንለው ይህ ነው። ያቺን ግድግዳ የገመሳት እሱ ነው።

እንግዲህ ማርቆስ ላይ ተስተካክሎ ማርቆስ ላይ ብቻ የተሞከረ ሞተር ገና አልተስተካከለም። ከዚህ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና በአንድ ቀን ከደጋ ቆላ ወርዶ እንደገና ደጋ ይወጣል። ሞተሩ በሁለቱም ቦታ ጤነኛ መሆን አለበት።

ቅደም ተከተል ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በቅኔ ቤት ልንገራችሁ። እናንተም የዋሸራና የጎንጅ አገር ልጆች ናችሁ፤ ከመካከላችሁ ቆሎ ተማሪ የነበረ እንዳለም አውቃለሁ። ተማሪው የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ብቻ ያለው አጭር ቅኔ። ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ፣ ሥላሴ እያለ ይወጣል፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ የሚደርሰው ቆይቶ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። መምህሩ ተማሪውን ጉባኤ ቃና ሲያስቆጥሩት መወድስን በልባቸው ይዘው ነው። ተማሪውም መወድስ ላይ ሲደርስ ጉባኤ ቃና ላይ ከተማረው ሰምና ወርቅ አንዲት ነገር አይጥልም፤ ሁሉም ያገለግለዋል።

እኛ መኪና ላይ የምናደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። እኔ ተርቦውን ከመግጠሜ በፊት አራቱን የጭስ ቧንቧ ወደ አንድ የሚሰበስብ የተበየደ ማኒፎልድ ገዝቼ ነበር። ከሱም በኋላ ቫልቮቹን ረጅም ጊዜ የሚከፍት ካምሻፍት (ቫልቭ የሚከፍት ዘንግ) አስገባሁ። ተርቦው ሲመጣ ማኒፎልዱ ወጥቶ ተጣለ፤ ተርቦ የራሱን ይፈልጋላ። ካምሻፍቱም ለተርቦ አልተመቸም፤ መግቢያውና መውጫው ቫልቭ አብረው የሚከፈቱበት ጊዜ ረዝሞ የገባው አየር በጭስ ማውጫው ይወጣ ነበር፤ እሱም ተጣለ። ከሶማሌ ተራ ድረስ ሄጄ የገዛሁት ዕቃ ግማሹ መጋዘን ውስጥ ዝጎ ቀረ። ገንዘቡ ለኢንጀክተር ቢውል ኖሮ ይህ ፒስተን ዛሬም በቦታው ይሠራ ነበር።

ስለዚህ ወረቀት አውጡና ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ጻፉ። የመጨረሻው መስመር ላይ መኪናው ሥራው ሲያልቅ ምን እንዲሆን እንደምትፈልጉ ይስፈር፤ ስንት የፈረስ ጉልበት፣ የት የሚነዳ፣ ማን የሚሳፈርበት። ከዚያ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ እያንዳንዱን ዕቃ በመጨረሻው መኪና ላይ ይቀራል ወይስ ይወጣል ብላችሁ ጠይቁ። የሚወጣ ከሆነ አትግዙት። ሻጮች ስቴጅ አንድ፣ ስቴጅ ሁለት፣ ስቴጅ ሦስት ይላሉ። ይህን አሰያየም የሚወስን አንድም ደንብ የለም፤ የአንዱ ሻጭ ስቴጅ ሁለት የሌላው ስቴጅ አንድ ነው። ደረጃውን መሥራት ያለበት የእናንተ ወረቀት ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ምንም ዕቃ አይገዛም፤ ሞተሩ ጤነኛ መሆኑ ይረጋገጣል። እዚህ ላይ ብዙ ልቆይ፤ መካኒኮች ስለሆናችሁ ይህ የእናንተ ሥራ ነው፤ ብዙ ጤነኛ ሞተርም ያለጥፋቱ ሲወርድ አይቻለሁ። የ4ኤ-ኤፍኢ መጽሐፍ ኮምፕረሽን (ሲሊንደሩ አየር ጨምቆ የሚያደርሰው ግፊት) 191 ፒኤስአይ ሲሆን ደኅና ነው፣ ከ142 በታች ከወረደ ደግሞ ሞተሩ ደክሟል ይላል። ይህ ቁጥር ለባሕር ወለል የተጻፈ ነው። ማርቆስ ላይ ሲሊንደሩ የሚሞላው ሦስት አራተኛ አየር ነውና፣ ሒሳቡን ስትሠሩት አዲስ የሚባል ሞተር እዚህ 143 ገደማ ያነባል። አያችሁ? ፍጹም ጤነኛው ሞተር በመጽሐፉ መሠረት ሊሞት አንድ ቁጥር ብቻ የቀረው ይመስላል። ባሕር ዳር ላይ ያው ሞተር 153 አካባቢ ይሰጣል። ስንቱ ሰው «ፋሻው አልቋል» ተብሎ ሞተር አስወርዷል! እዚህ አገር ከዋናው ቁጥር ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ እውነቱን ይናገራል። አራቱም በ14 ፒኤስአይ ውስጥ ከተቀራረቡ ደስ ይበላችሁ። አንዱ ብቻ ከወደቀ ግን በዚያው ሲሊንደር ላይ ጥቂት ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት፤ ቁጥሩ ከተነሣ ፋሻ ነው፤ ካልተነሣ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ክፍሎች መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው።

ማቀዝቀዣው ቀጥሎ ይታይ። የማቀዝቀዣ ውኃውን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል እንደ ሕክምና የተያዘበት ጋራዥ ብዙ ነው። እባካችሁ ይቅር። ሞተሩ 80 ዲግሪ ካልደረሰ ኮምፒውተሩ ገና ብርድ ላይ ያለ መስሎት ነዳጅ ያበዛል፤ የበዛው ነዳጅ ዘይቱን እያጠበ ሲሊንደሩን ይበላዋል። የራዲያተሩን ክዳንም አትናቁት። ማርቆስ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ክዳኑ ግፊት መያዝ ካቃተው ፋኑ ለመነሣት ሲያስብ ውኃው ፈልቶ ሊጠብቀው ይችላል። የላላ ክዳን ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) አጣሞ ያውቃል።

ሁለተኛው ደረጃ ፍሬን ነው። ወጣቶቹ ፊታችሁን ስታዞሩ አያለሁ፤ ግን ቁጥሩን ስሙኝ። ከአንዱ አፋፍ እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ወደ 1,400 ሜትር ገደማ ነው። 1,100 ኪሎ የሚመዝን መኪና ያን ሁሉ ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ኃይል በሙሉ ፍሬኑ ላይ ቢያርፍ 45 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ አፍልቶ ያነሣል። ሁለት እንስራ ውኃ ማለት ነው፤ በአራት ዲስክና ታምቡር። ሞተሩ በማርሽ ይዞ ከፊሉን ይወስዳል፤ የቀረው ግን የፍሬን ሸራውንና የፍሬን ዘይቱን ያገኛቸዋል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በፊት አይፈላም። ነገር ግን ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ ሲያረጅ 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ዶት 4 አዲሱ 230፣ ያረጀው 155 ነው። የፈላ ዘይት አረፋ ይሠራል፤ ፔዳሉ እግር ሥር እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ያ ሲሆን ከፊታችሁ ያለው የጭነት መኪና ወይም አህያ የሚነዳ ሕፃን ነው። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ የፍሬን ዘይት መቀየር ከማንኛውም የሞተር ዕቃ ይረክሳል። ጥሩ ሸራ፣ ጥሩ ጎማ፣ የማይዘል አሞርዛተር ተከትለው ይግቡ። እነዚህ ሁሉ በመጨረሻው መኪና ላይ ይቀራሉ፤ አንዱም አይጣልም።

እንጅባራ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው ይህን ለማስረዳት እኔን አያስፈልገውም። ፈረሱ ሲጋልብ ሁሉም ያጨበጭባል። ፈረሰኛው ግን ከመጋለቡ በፊት የሚፈትሸው ልጓሙን ነው።

ሦስተኛው መተንፈሻ ነው፤ እዚህ ብዙ አልቆይም። ንጹሕ የአየር ማጣሪያ፣ ከኮፈኑ ሙቀት ርቆ ቀዝቃዛ አየር የሚስብ ቱቦ፣ ያልታፈነ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማለዘቢያ)። ከዚህ የሚገኘው ጥቂት የፈረስ ጉልበት ነው። ማርሚታ ቆርጦ የሚያገሳ መኪና ፈጣን አይደለም፤ ጎረቤትን ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል እንጂ። አቧራችንን የማያጣራ ለዓይን ያማረ ማጣሪያም አትግጠሙ፤ የመንገዳችን አቧራ ፋሻ ላይ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሠራል።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ መታጠፊያ ላይ ነው። አንዱ መንገድ ያለ ተርቦ መሄድ ነው፤ ሁለተኛው በተርቦ። በሁለቱም ላይ አንድ አንድ እግር ማሳረፍ አይቻልም።

እዚህ ላይ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት እጁን አነሣ። «ጋሼ፣ እኔ 4ኤ-ጂኢ፣ ባለ 20 ቫልቩን ነው ማስገባት የምፈልገው፤ ምን ይሉኛል?»

ልጄ፣ ጥሩ ሞተር መርጠሃል። ቶዮታ ራሱ የሠራው ስለሆነ ካምሻፍቱ፣ ፒስተኑ፣ ኮምፒውተሩ አንዱ ለሌላው ተስማምቶ ነው የሚመጣው። የብር ቀለም ክዳን ያለው 160 የፈረስ ጉልበት፣ ጥቁሩ 165 ተብሎ ነው ከጃፓን የወጣው። ማርቆስ ላይ ግን 120 ወይም 125 ብለህ ያዘው። ያንንም የምታገኘው ሞተሩ በደቂቃ ከ7,000 ዙር በላይ ሲዞር ነው። አንተ የምትነዳው የት ነው? ከተማ ውስጥ ከባጃጅና ከጋሪ ጋር ከሆነ ያን ዙር የምታይበት ቦታ የለህም። እኔን ከጠየቅኸኝ 7ኤ-ኤፍኢን አስብበት። 1.8 ሊትር ነው፤ ከአንተ ሞተር ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት እኩል 81 ሚሊ ሜትር ሆኖ የፒስተኑ ጉዞ ከ77 ወደ 85.5 ረዝሟል። መጽሐፉ ላይ 155 ኒውተን ሜትር ገደማ የተባለለትን የማዞር ጉልበት፣ ማርቆስ ላይ ቢቀንስም፣ በ2,800 ዙር ይሰጥሃል። ሰው ጭነህ የደጀንን ዳገት ስትወጣ እግርህ ሥር የምትፈልገው ያንን ነው። ስሙ እንደ 20 ቫልቩ አያምርም፤ እውነት ነው። ለዚህ አገር መንገድ ግን እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ሞተር የምትቀይሩ ሁሉ ደግሞ ወረቀቱን አትርሱ። የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ዓመታዊ ምርመራ ላይ ትያዛላችሁ። ሞተሩን ከመግዛታችሁ በፊት የተገዛበትን ሕጋዊ ሰነድ ጠይቁ፤ ሰነድ የሌለውን፣ ቢረክስም፣ ተዉት።

አሁን ተርቦ ለሚመርጡ። እኔም ዛሬ ያለሁት በዚህ መንገድ ነው፤ ለከፍታ አገር ከልቤ አምንበታለሁ፤ አገሩ የነሣንን አየር የሚመልስልን ተርቦ ነው። ነገር ግን ተርቦው የመጨረሻው ዕቃ ይሁን። ከእሱ በፊት ነዳጁ፣ ኮምፒውተሩና ፍሪሲዮኑ ይግቡ።

ነዳጁን እንዲህ አስሉት። ተርቦ ያለው የቤንዚን ሞተር ለአንድ የፈረስ ጉልበት በደቂቃ 6 ሲሲ ገደማ ቤንዚን ይፈልጋል። 150 የምትፈልጉ ከሆነ 900 ሲሲ ነው። ለአራት ሲካፈል እያንዳንዱ ኢንጀክተር 225 ይደርሰዋል። ኢንጀክተር ግን ሳይዘጋ ክፍት ሆኖ መሥራት የለበትም፤ ከጊዜው 80 በመቶውን ብቻ ቢከፍት ነው ጤናው። 225ን ለ0.8 ስታካፍሉት 281 ይመጣል፤ ስለዚህ የ300 ሲሲ ኢንጀክተር ትገዛላችሁ። ያቺ የቀረችው 20 በመቶ ናት ዓባይ ሥር የምታድናችሁ። እኔ ያጣሁት እሷን ነበር።

የተርቦው መጠንም በባሕር ወለል ሒሳብ አይመረጥም። በባሕር ወለል 0.5 ባር የሚጨምር ተርቦ አየሩን አንድ ተኩል እጥፍ ያደርገዋል። ማርቆስ ላይ ያንኑ የመጨረሻ ግፊት ለማግኘት ከ0.75 ወደ 1.5 ማውጣት አለበት፤ ሁለት እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ በጣም ይሽከረከራል፤ የሚነፋው አየርም ይግላል። ትንሿ ተርቦ እዚህ ትንፋሽ ያጥራታል፤ የጋለውን አየር የሚያበርደው ኢንተርኩለርም ቅንጦት አይደለም። ከባሕር ወለል አገር የመጣ ምክር ስታነቡ ይህን ሒሳብ ሠርታችሁ ነው መቀበል ያለባችሁ።

የአየርና የነዳጅ ድብልቁን በጆሮ ወይም በካንዴላ ቀለም ብቻ አትፍረዱ። ሰፊ ልክ የሚያነብ የኦክስጅን ሴንሰር ጭስ ማውጫው ላይ ይግጠም። በሙሉ ጉልበት ስትጫኑት ለአንድ እጅ ቤንዚን ከ11.5 እስከ 12 እጅ አየር ካነበባችሁ ደኅና ናችሁ፤ ወደ 13 ከሸሸ እግራችሁን አንሡ። ይህን መለኪያ ከተርቦው በፊት ግዙት። እኔ ቢኖረኝ ኖሮ ከድልድዩ ሳልርቅ ይነግረኝ ነበር።

በእያንዳንዱ ደረጃ መካከል መኪናው ተነድቶ ይታይ፤ ቢያንስ ሁለትና ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሦስት ዕቃ በአንድ ቅዳሜ የገጠመ ሰው ሰኞ ችግር ሲመጣ ከየትኛው እንደመጣ አያውቅም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ እንግዲህ ያሉን ኮሮላዎች እነዚሁ ናቸው። አንዱን ሞተር ገድለን ሌላ መኪና እናስመጣለን የሚባልበት ጊዜ አልፏል።

የእኔ መኪና በር ላይ ቆሟል። ፒስተኑ ከተሰበረ በኋላ በወረቀቱ ቅደም ተከተል እንደገና የተሠራው እሱ ነው፤ ዓባይን ብዙ ጊዜ ወርዶ ወጥቷል። ኢንጀክተሮቹን፣ የቱቦ አሠራሩን፣ መለኪያውን ማየት የምትፈልጉ አሁን አብረን እንውጣ፤ ኮፈኑን እከፍትላችኋለሁ። ከባሕር ዳር ገና መግባቴ ስለሆነ ሞተሩ ትኩስ ነው፤ እስኪበርድ ድረስ የራዲያተሩን ክዳን ማንም እንዳይነካ።